አናቱ ቅስት የሆነ ከፍ ያለ የበር ፓኔል በእጅ መሣሪያ አሠራር

በፒያሳ፣ በአራት ኪሎም ሆነ በካዛንቺስ የቁምሳጥን በር ሊያሠራ የሚመጣ ደንበኛ ብዙ ጊዜ በስልኩ የሚያሳየው ሥዕል ተመሳሳይ ነው፤ መካከሉ ከፍ ያለ፣ ዙሪያው ወደ ፍሬሙ እያዘቀዘቀ የሚወርድ፣ አናቱ እንደ ቅስት የጎበጠ ፓኔል። ይህን ሥራ ዛሬ አብዛኛው ወርክሾፕ በራውተር፣ ማለትም ምላጩ እየተሽከረከረ እንጨት በሚቀርጽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ ያወጣዋል። ራውተር ፈጣን መሆኑ አይካድም፤ ይሁን እንጂ የተዳፋቱን (የሚያዘቀዝቀውን ዙሪያ) ስፋትና ዘንበልታ የሚወስነው ገበያ ላይ የተገኘው ምላጭ እንጂ አናጺው አይደለም፣ ሁለት ተዳፋቶች ወደ ውስጥ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይም መሽከርከሩ የግድ ክብ አድርጎት ያልፋል። በመሮ፣ በመላጊያና በሞረድ የሚሠራ ሰው ተዳፋቱን በሩ በሚፈልገው ልክ ያሰፋል፣ ማዕዘኑንም እንደ ቢላ ጠርዝ ስለታም አድርጎ ይተወዋል።

በዚህ ሥራ ጀማሪ የሚፈራው ጉብጠቱን መቁረጥ ነው። ፓኔል የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሌሎች ሁለት ምክንያቶች ነው፤ ቅስቶቹ ከአንድ ማዕከል ባለመሣላቸውና መሮው የእንጨቱን ቃጫ ተቃርኖ በመነዳቱ። ስለዚህ ከዚህ በታች በአሣሣሉና በአቆራረጥ አቅጣጫው ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን፤ ማንኛውም አናጺ የሚያውቀውን የፍሬም አገጣጠም ግን በአጭሩ እናልፈዋለን።

እንጨቱ

ዋንዛ ለዚህ ሥራ የሚወደድበት ምክንያት በቂ ነው፤ ለመሮ ይታዘዛል፣ ከደረቀ በኋላም ብዙ አይጣመምም። ዝግባም ቃጫው ቀጥ ያለና ወጥ ስለሆነ ለተዳፋት ምቹ ነው። ባሕር ዛፍ ግን ቃጫው ስለሚጠላለፍና ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ለመጀመሪያ ሥራ አይመከርም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ ስለዚህ ሲገዙ ምንጩን መጠየቅና ደረሰኝ መያዝ ይገባል። ከፈረሰ ቤት የተረፈ አሮጌ የዝግባ ጣውላ ከተገኘ፣ ለዓመታት በቤት ውስጥ የደረቀ በመሆኑ ከአዲሱ ይመረጣል፤ ነገር ግን የተሰበረ ሚስማር በውስጡ ቀርቶ የመላጊያውን ስለት እንዳይበላው ማግኔት እያስጠጉ አንድ በአንድ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ለፓኔሉ የሚያስፈልገው ስፋት ከአንድ ጣውላ ስለማይገኝ ሁለት ወይም ሦስት ጣውላዎችን ጎን ለጎን በኮላ ማያያዝ የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች ይታሰቡ። አንደኛ፣ የሁሉም ጣውላዎች ቃጫ በአንድ አቅጣጫ የሚላግ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የታችኛው ተዳፋት ሲላግ መላጊያው አንዱን ጣውላ እያለሰለሰ ሌላውን ይቦጭቃል። ሁለተኛ፣ ጉጥ ያለበት ክፍል በቅስቱ ላይም ሆነ በተዳፋቱ ላይ እንዳይውል፣ ወደ መካከል እንዲገባ ወይም ተቆርጦ እንዲወድቅ ጣውላዎቹን ከማጣበቅ በፊት አዘዋውረው ይዩአቸው።

ልኮቹ

ማብራሪያው በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ የቁምሳጥን በር እንውሰድ። የበሩ ስፋት 50 ሴንቲ ሜትር፣ የሁለቱ ቋሚዎች ስፋት እያንዳንዳቸው 7 ሴንቲ ሜትር፣ የፍሬሙ ውፍረት 28 ሚሊ ሜትር ነው። በቋሚዎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት 36 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቋሚው ከታችኛው አግዳሚ አንሥቶ ቅስቱ እስከሚጀምርበት እግር ድረስ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ቅስቱ ከእግሩ እስከ አናቱ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በፍሬሙ ውስጥ የሚቆፈረው ቦይ 8 ሚሊ ሜትር ስፋትና 10 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ በውፍረቱ መካከል ላይ የዋለ ነው። ፓኔሉ 18 ሚሊ ሜትር ሲወፍር ከፍ ያለው መካከሉ ከፍሬሙ ፊት ጋር እኩል ይውላል።

ከዚህ በኋላ ከፍ ያለውን መካከል መደብ፣ ከመደቡ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን አጭር ደረጃ ትከሻ፣ ከትከሻው ወደ ፍሬሙ የሚያዘቀዝቀውን ተዳፋት፣ በቦዩ ውስጥ የሚገባውን ስስ ጠርዝ ደግሞ ምላስ እንለዋለን።

የፓኔሉ ምላስ በየጎኑ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ቦዩ ይገባል፤ የቀረው 2 ሚሊ ሜትር እንጨቱ ሲያብጥ የሚሰፋበት ቦታ ነው። እንጨት በርዝመቱ ከቁጥር የሚገባ ለውጥ አያሳይም፣ በስፋቱ ግን ከአየሩ እርጥበት ጋር ይሰፋል፣ ይጠባል። በአዲስ አበባ ይህ በግልጽ ይታያል፤ በነሐሴ ሥራው ያለቀ ፓኔል በየካቲት ጠቦ ይገኛል። ስለዚህ በክረምት የሚሠራ ሰው እንጨቱ አስቀድሞ ያበጠ ስለሆነ በየጎኑ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቶ ምላሱን ጠለቅ ቢያደርገው ይሻለዋል፤ በበጋ የሚሠራው ግን 2 ሚሊ ሜትሩን ሳይነካ ይተው።

ከአንድ ማዕከል መሣል

በአንድ ንጣፍ ኮምፔንሳቶ ላይ የበሩን ላይኛ ክፍል በትክክለኛ ልኩ ይሣሉ። መጀመሪያ ቀጥ ያለ የመካከል መስመር፣ ከዚያም ለእርሱ ቀጤ ነክ የሆነና የቅስቱን ሁለት እግሮች የሚያገናኝ 36 ሴንቲ ሜትር አግድም መስመር ያስምሩ። የቅስቱን ሬዲየስ ለማግኘት የግማሽ ስፋቱን ካሬ ለቅስቱ ከፍታ ያካፍሉ፣ በውጤቱ ላይ ከፍታውን ይደምሩ፣ ድምሩን ለሁለት ያካፍሉ። በእኛ ምሳሌ 18 በ18 ሲባዛ 324፣ ለ6 ሲካፈል 54፣ 6 ሲደመርበት 60፣ ለሁለት ሲካፈል 30 ይሆናል። ስለዚህ ሬዲየሱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ማዕከሉም በመካከሉ መስመር ላይ ከአግድሙ መስመር 24 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይገኛል።

ይህን ያህል ትልቅ ኮምፓስ የሚገኝበት ወርክሾፕ ጥቂት ነው፤ አያስፈልግምም። ቀጥ ያለ ስስ የእንጨት ዘንግ ይውሰዱ፣ በአንድ ጫፉ ቀጭን ሚስማር ይምቱበት፣ ከሚስማሩ በሚፈለገው ርቀት ለእርሳስ የሚሆን ቀዳዳ ይብሱ። በዚህ ዘንግ ከዚያው ከአንዱ ማዕከል አራት ቅስቶችን ይሥሩ፤ በ30 ሴንቲ ሜትር የላይኛው አግዳሚ የሚታይ ጠርዝ፣ በ31 የቦዩ ወለል፣ በ30.8 የፓኔሉ ጠርዝ፣ በ26 ደግሞ የመደቡ ጠርዝ። በተመሳሳይ መንገድ የመደቡን የጎን መስመር ከፍሬሙ ጠርዝ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ያስምሩት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፍሬሙን ቅስት የሣለበትን ፎርማ ሳይለውጥ ወደ ታች አውርዶ የመደቡን ቅስት ይሥልበታል። ሁለቱ ቅስቶች እኩል ሬዲየስ ሲኖራቸው ተዳፋቱ በአናቱ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ሰፍቶ ወደ እግሮቹ ሲወርድ እየጠበበ ይሄዳል፤ በሩ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ደንበኛው ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ዓይኑ ይነግረዋል። ከአንድ ማዕከል ሲሣል ግን ተዳፋቱ ዙሪያውን እኩል ነው። ሥዕሉ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ የመደቡ ቅስት እግር ከፍሬሙ ቅስት እግር ከ2 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ወረድ ብሎ መዋሉን ይለኩ። ሁለቱን እግሮች የሚያገናኘው ሰያፍ መስመር የጎኑ ተዳፋትና የቅስቱ ተዳፋት የሚገናኙበት ጠርዝ ነው።

ፍሬሙን ማስቀደም

ፓኔሉ ከመቆረጡ በፊት ፍሬሙ በምላስና በጉድጓድ (ይህ ምላስ የፓኔሉ ሳይሆን በቋሚው ጉድጓድ የሚገባው የአግዳሚው ጫፍ ነው) ተገጥሞ፣ ቦዩም ተቆፍሮ፣ ያለ ኮላ መቆም አለበት። የላይኛው አግዳሚ ቅስቱ ወስዶለት በአናቱ ላይ ቢያንስ 6 ሴንቲ ሜትር እንዲቀርለት በእግሮቹ በኩል 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። የአግዳሚው ቃጫ አግድም ስለሚሄድ የጎደጎደውን ቅስቱን ሲያለሰልሱ ከሁለቱ እግሮች ተነሥተው ወደ አናቱ ይሂዱ። በጎባጣው ጠርዝ ላይ ያለውን ቦይ ሁለቱን ጠርዞቹን በቢላ አስምረው በ8 ሚሊ ሜትር መሮ ቀስ በቀስ ይፈልፍሉት። ቦዩ የፓኔሉ ዳኛ ስለሆነ ወለሉ ላይ የቀረ ቁራጭ እንዳይኖር ያጽዱት።

ከተረፈው የፍሬም እንጨት ደግሞ አንድ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ቆርጠው ያንኑ ቦይ ይቆፍሩበት። ይህ ናሙና ከሜትር ይልቅ ይጠቅማል፤ ምላሱን ሲያቀጥኑ ፍሬሙን እያነሡ ከመሞከር ይልቅ ቁራጩን በፓኔሉ ጠርዝ ላይ እያንሸራተቱ የትኛው ቦታ እንደወፈረ ወዲያው ያውቃሉ።

ፓኔሉን በቅርጹ መቁረጥ

ፓኔሉን 37.6 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ከታች እስከ አናቱ 67.6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አድርገው ያሰናዱ። የኋላ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የሁሉም ልክ መነሻ እርሱ ነው።

ቅስቱን በቀጭን ምላጭ የቀስት መጋዝ ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ውጭ ይቁረጡ። የቀረውን በሸካራ የእንጨት ሞረድ፣ ከዚያም በለስላሳው ወደ መስመሩ ያድርሱ። አቅጣጫው እዚህ ላይ ይወሰናል። የፓኔሉ ቃጫ ከታች ወደ ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ መሣሪያው ከቅስቱ እግር ተነሥቶ ወደ አናቱ ሲሄድ ቃጫውን እየቆረጠ ያልፋል፣ ከአናቱ ወደ እግሩ ሲወርድ ግን ስለቱ በቃጫው መካከል ገብቶ እንጨቱን ወደ ውስጥ ይሰነጥቀዋል። ከቀኝ እግር ወደ አናት፣ ከግራ እግር ወደ አናት ይሥሩ፣ አናቱንም አልፈው ወደ ማዶ አይውረዱ። ይህ ሕግ ጠርዙን ብቻ ሳይሆን በኋላ የቅስቱን ተዳፋትም ይገዛል።

ምልክትና ትከሻ

በማርኪንግ ጌጅ (ከአንድ ፊት እኩል ርቀት ጠብቆ መስመር በሚጭር መለኪያ) ከኋላ ፊቱ 7.5 ሚሊ ሜትር ለክተው የምላሱን ውፍረት በጠርዙ ዙሪያ በሙሉ ይጫሩ። ከዚያ የመደቡን መስመር በእርሳስ ሳይሆን በቢላ ያስምሩ፤ የቢላ መስመር ቃጫውን አስቀድሞ ስለሚቆርጠው መሮው ከእርሱ አልፎ አይቦጭቅም።

የመደቡን ቅስት ለመሣል የሚያስፈልገው ማዕከል የሚውለው በራሱ በመደቡ ፊት ላይ ነው። ሚስማር ቢመታበት ቀዳዳው በበሩ መካከል ለዘላለም ይታያል። ስለዚህ ትንሽ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ በሁለት ፊቱ በሚጣበቅ ፕላስተር እቦታው ላይ ይለጥፉ፣ ማዕከሉን በቁራጩ ላይ ለክተው ሚስማሩን እዚያ ያሳርፉ፣ በዘንጉ ጫፍም በእርሳሱ ፈንታ የተሳለ የቢላ ጫፍ ይሰኩ። መጀመሪያ በስሱ፣ ከዚያ ጠበቅ አድርገው ይመላልሱት፤ በአንድ ጊዜ ጥልቅ ለማድረግ መሞከር ቢላው ቃጫውን ተከትሎ እንዲስት ያደርገዋል።

ትከሻው 2.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በቀጥታዎቹ ጎኖች ላይ ከመስመሩ ጋር ቀጥ ያለ ጣውላ በክላምፕ አስረው መጋዙን ወይም ቢላውን በእርሱ ተደግፈው ይንዱ። በቅስቱ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው መሮ ቀጥ አድርገው አቁመው፣ ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ መደቡ አዙረው፣ በትንንሽ እርምጃ የቀደመውን ግማሽ እየደረበ እንዲሄድ በቀስታ ይምቱት። ይህን ያህል ሰፊ ሬዲየስ ላይ ቀጥተኛ መሮ የሚተወው ማዕዘን በዓይን አይታይም፤ ቅስቱ ጠባብ ከሆነ ግን ጉብጠቱ የሚስማማ ጎድጓዳ መሮ ያስፈልጋል። ያገለገለ ጥሩ ብረት ያለው መሮ ምናለሽ ተራ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ እጀታው ቢሰበርም ብረቱ እስከ አንገቱ ያልዛገ ከሆነ ይግዙት።

ተዳፋቱን ማውጣት

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የታችኛው ተዳፋት፣ ቀጥሎ የቅስቱ፣ በመጨረሻ ሁለቱ የጎን ተዳፋቶች። ቃጫውን አቋርጦ የሚሄደው የታችኛው ተዳፋት በመላጊያው መውጫ በኩል ጠርዙን መገንጠሉ አይቀርም፤ የጎኖቹ ተዳፋት በኋላ ሲሠራ ያ የተገነጠለ ጥግ አብሮ ይወገዳል። ጎኖቹን ያስቀደመ ሰው ያለቀ ሥራውን ያበላሻል።

ለታችኛው ተዳፋት መላጊያውን ሰያፍ አድርገው ይንዱት፣ ሶሉንም (እንጨቱን የሚነካውን የሥር ፊቱን) በሻማ ያሹት። ከትከሻው ሥር 15.5 ሚሊ ሜትር የነበረው ውፍረት በምላሱ ላይ 7.5 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ድረስ ወጥ ዘንበልታ ይኑረው፤ የመጨረሻው 10 ሚሊ ሜትር ግን መዳፋቱን አቁሞ ጠፍጣፋ ይሁን። ተዳፋቱ እስከ ጫፉ ከቀጠለ ምላሱ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ፓኔሉ ባበጠ ቁጥር የቦዩን ግድግዳ እየገፋ ይሰነጥቀዋል።

የቅስቱ ተዳፋት ለመላጊያ አይመችም። ከትከሻው እስከ ጠርዙ፣ ሁሉም ወደ ማዕከሉ እንዲያመለክቱ አድርገው በየ15 ሚሊ ሜትሩ የመጋዝ ቁርጦችን ይሥሩ። መጋዙ ዘንበል ብሎ ከትከሻው በኩል 2 ሚሊ ሜትር፣ ከጠርዙ በኩል 9 ሚሊ ሜትር ይግባ፤ ይኸውም ከመጨረሻው ወለል በላይ ጥቂት እንዲቀር ነው። በቁርጦቹ መካከል ያሉትን ጉብታዎች በሰፊ መሮ ይፈልፍሉ፣ ሁልጊዜም ከእግሩ ወደ አናቱ በኩል። የቁርጦቹ ዱካ ሊጠፋ ሲቃረብ መዶሻውን አስቀምጠው መሮውን በሁለት እጅ ይያዙ፣ ቀጥታ ከመግፋት ይልቅ ወደ ጎን እያንሸራተቱ በስሱ ይግፈፉ።

አናቱ ላይ መሮው ሙሉ በሙሉ የቃጫውን ጫፍ ያገኛል። ስለቱ ጥሩ ከሆነ የሚወጣው ልጣጭ ስስና የተያያዘ ይሆናል፣ የተቆረጠው ፊትም ያብለጨልጫል፤ ዱቄት የመሰለ ፍርፋሪ ከወጣና ፊቱ ነጭ ሆኖ ከደበዘዘ መሮው ደንዟል ማለት ስለሆነ ሥራውን አቁመው ይሳሉት። ጥጥ በአልኮል ነክሮ አናቱን ማርጠብ ቃጫውን ለጥቂት ጊዜ ያለሰልሰዋል፤ በውኃ ከማርጠብ ይሻላል፣ ቶሎ ስለሚተንና እንጨቱን ስለማያሳብጥ።

የተዳፋቱን ወጥነት በአጭር ቀጥ ያለ ብረት ይፈትኑ። ብረቱን ከትከሻው እስከ ጠፍጣፋው ምላስ መነሻ በማዕከሉ አቅጣጫ ያሳርፉት፤ ብርሃን ከሥሩ ከታየ ወይ መካከሉ ጎድጉዷል ወይ ጫፉ ጎብጧል። ብረቱን ከቅስቱ ጋር አብሮ በማስኬድ መፈተን ዋጋ የለውም፣ ያ ፊት በተፈጥሮው የጎበጠ ነውና።

ጠርዞቹ የሚገናኙበት

የጎን ተዳፋቶች በቃጫው አቅጣጫ ስለሚሄዱ በመላጊያ በቀላሉ ይወጣሉ፤ ሊያስጨንቁ የሚችሉት ከቅስቱ ተዳፋት ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሰያፉን መስመር ከመደቡ ጥግ እስከ ፓኔሉ ጥግ በእርሳስ ያስምሩ፣ መላጊያው ሊደርስበት 2 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው አቁመው የቀረውን በመሮ ይጨርሱ። የስልክዎን መብራት አጋድመው ቢያበሩበት አንዱ ፊት ይበራል፣ ሌላው ይጠቁራል፤ የብርሃኑና የጥላው ድንበር ከእርሳሱ መስመር የሚያፈነግጥበት ቦታ ገና መግፈፍ የሚፈልገው ነው።

ደንበኛው ቅስቱ ከመጀመሩ በፊት በሁለቱ ጎን አግድም ደረጃ ያለውን ዓይነት ከፈለገ ሥራው ይከብዳል፤ ቅስቱ ከደረጃው በሚነሣበት ቦታ ሁለቱ ተዳፋቶች ጠርዝ ሳይሆን ሸለቆ ይፈጥራሉ። ራውተር ክብ አድርጎ የሚተወው ይህንን ነው። የሸለቆውን መስመር በጠባብ የተሳለ ቢላ ቀስ በቀስ እያጠለቁ ይክፈቱ፣ ከሁለቱም ወገን ወደ መስመሩ ብቻ ይግፈፉ፣ አንዱን ወገን ጨርሰው ወደ ሌላው አይሂዱ።

ማለስለስና መግጠም

መፋቂያ ብረት በትክክል ከተሳለ ከብርጭቆ ወረቀት ይበልጣል። ወረቀት ከተጠቀሙ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለው ይያዙት፤ በጣት ተጭኖ የሚታሽ ወረቀት ትከሻውንና ጠርዞቹን ያዶለዱማል፣ በመሮ የተደከመበትን ስለት በአንድ ደቂቃ ያጠፋዋል።

ቨርኒሹን ወይም ቀለሙን ፓኔሉ ወደ ፍሬሙ ከመግባቱ በፊት እስከ ምላሱ ጫፍ፣ በኋላ ፊቱም ጭምር ይቀቡ። ከተገጠመ በኋላ የተቀባ ፓኔል በበጋ ሲጠብ በየጎኑ ያልተቀባ ነጭ መስመር ያወጣል። አንዱን ፊት ብቻ መቀባትም ፓኔሉን ወደ አንድ ወገን ያጎብጠዋል።

ሲገጥሙ ኮላው የሚገባው በፍሬሙ መገጣጠሚያዎች ላይ ብቻ ነው፤ በቦዩ ውስጥ አንድ ጠብታ እንኳ ካረፈ ፓኔሉ ሊሰፋና ሊጠብ ሲል ይሰነጠቃል። ከመገጣጠሚያው የሚተርፈው ኮላ ወደ ፓኔሉ ጥግ እንዳይሾልክ በምላሱ ጥጎች ላይ ሻማ ይሹ። ፍሬሙ ከታሰረ በኋላ ፓኔሉን በእጅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፉት፤ በትንሹ መንቀሳቀስ አለበት። በሁለቱ ጎን የሚታየውን የተዳፋት ስፋት እኩል አድርገው፣ ከበሩ ጀርባ በኩል አንዱን በላይኛው አግዳሚ ቅስት አናት ላይ፣ ሌላውን በታችኛው አግዳሚ እኩሌታ ላይ፣ ቀጭን ሚስማር ምላሱን አሳልፈው ይምቱ። ሁለቱ ሚስማሮች በመካከሉ መስመር ላይ ስለሚውሉ ፓኔሉ ከዚያ በኋላ የሚሰፋውም ሆነ የሚጠበው ወደ ሁለቱም ጎን በእኩል ይሆናል።